ሁለት ሰው የዘፈዘፈው ዓሣ

በእኛ አገር ለገና ዋዜማ ሥጋ አይበላም። አሁን አሁን ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። እኔ የማውቀው ዋዜማ ሊንግ የሚባለው ረጅም የባሕር ዓሣ በነጭ ስጎ፣ ከነልጣጩ ከተቀቀለ ድንች ጋር የሚበላበት ነው። ዓሣው በጨው ታሽቶ የደረቀ ስለሆነ ከሱቅ ሲመጣ እንደ ሳንቃ ነው፤ ሰው ቢመቱበት ይፈነክታል። ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ጀምሮ በውሃ ካልተዘፈዘፈ፣ ውሃውም አሁንም አሁንም ካልተለወጠ አይበላም። መጠኑን የሚያውቅ ሰው ግን ጨውን ሙልጭ አድርጎ አያወጣውም፣ ትንሽ ይተውለታል። ጨው ያለቀበት ሊንግ ከተቀቀለ ጨርቅ አይሻልም።

ይህን የምለው ስለ ምግብ ላወራ ፈልጌ አይደለም። የማወራው ስለ ባትና ስለ ፍሎሪ ነው፤ የእነሱ ነገር ግን ከዓሣው ተለይቶ አይነገርም።

ባት፣ ኖኒና ፍሎሪ የአጎቴ ልጆች ናቸው። ባት የመጀመሪያው፣ ፍሎሪ የመጨረሻው፣ ኖኒ ደግሞ በመሃላቸው ተወልዳ በመሃላቸው የኖረች። ሦስቱም ሳያገቡና ሳይወልዱ፣ አባታቸው በተወላቸው ከባሕሩ በላይ ባለ እርሻ ላይ አረጁ። ይህ በእኛ በኩል ብርቅ አይደለም፤ በየኮረብታው እንዲህ ያለ ቤት ይገኛል። ወንድማማቾቹ አለመነጋገራቸውም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ብርቅ አልነበረም። የእኛ ሰው ሲጣላ አይጮህም፣ ዱላም አያነሳም፤ ዝም ይላል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አዎ፣ ዝንብ አይገባም፤ ግን ምንም ነገር አይወጣም።

ጠባቸው የተጀመረው በባዝራ ነው። ፍሎሪ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በእጁ ያሳደጋት አንዲት ግራጫ ባዝራ ነበረችው። ባት ደግሞ ትራክተር መግዛት ፈለገ። ፍሎሪ ለአክስታችን ቀብር ራቅ ያለ አገር በሄደበት ቀን ነጋዴ ጠርቶ ሸጣት። ፍሎሪ ሲመለስ ጋጣው ባዶ ነበር። አልጮኸም። ራት ላይ ተቀመጠና ወደ ኖኒ ዞሮ፣ «ለዚያ ሰውዬ ወተቱን እንዲያቀብለኝ ንገሪው» አላት። ባት የተቀመጠው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ኖኒም ነገረችው። ያኔ ሦስቱም ገና ጎልማሶች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ፀጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ወንድማማቾቹ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

ኖኒ በመሃል ቃል ስታመላልስ ዕድሜዋን ጨረሰች። ማን የትኛውን ማሳ እንደሚያርስ፣ ላሟ መቼ እንደምትወልድ፣ ለገበያ የትኛው ወይፈን እንደሚወጣ፣ ሁሉም በእሷ አፍ በኩል ያልፍ ነበር። እሷ ደግሞ የሰማችውን እንደሰማችው አታደርስም። ባት ላይኛው ማሳ ላይ ሆኖ «ለዚያ ደንቆሮ በረቱን እንዲዘጋ ንገሪው» ካለ፣ ታችኛው ማሳ ፍሎሪ ዘንድ ስትደርስ «ባት ባክህ በረቱን ዝጋልኝ ብሎሃል» ትላለች። ማር ሳትቀባ ያለፈች ቃል የለችም። ፍሎሪ ይህን ያውቅ እንደነበረ ኋላ ነው የተረዳሁት።

በዚያ ዓመት ብርዱ ገባ ሲል ኖኒ ሆዷን ታመመች። ሕመሙ የማይመለስ መሆኑን ከማንም በፊት ያወቀችው ራሷ ናት። ያም ሆኖ ቆማ የገናውን ኬክ ጋገረች፤ ዘቢቡን አብዝታ፣ ውስኪ አጠጥታ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ዘግታ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ አልጋ ያዘች። እኔ ቤቴ ከእነሱ ቁልቁል ነው፤ ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ እሷን ማስታመሙ የእኔ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ከብት ሊያገቡ ወጥተው ሳለ እጄን ያዘችኝ።

«ጎብነት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችኝ። «ያን ቀን ወተቱን ራስህ ጠይቀው ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ያልቅ ነበር።»

እንዲህ አትበይ አልኳት።

«ልበል እንጂ። ሰው በድልድይ እየተሻገረ ውሃው ጎደለ አልጎደለ ብሎ ያያል እንዴ? አሁን ስሚኝ። ለዋዜማው ዓሣውን አንቺ ሥሪላቸው። አንድ ገበታ ላይ አስቀምጫቸው። አንዲት ቃል ብቻ፣ አንዱ ለሌላው፣ በገዛ አፉ። ለነፍሴ ሌላ ነገር አልፈልግም። አንቺም የማንንም ቃል ለማንም እንዳታደርሺ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁላት። ያኔ በዚያ በመነመነ ፊቷ ላይ የልጅነቷ ተንኮል ብልጭ አለ። ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አድርጊና ለሁለቱም እኩል ንገሪያቸው፣ ለአንዱ ለይተሽ እንዳትሰጪ አለችኝ። ዘፈዘፍከው ወይ፣ ውሃውን ለወጥከው ወይ ሳይባባሉ እንዴት አድርገው ይዘፈዝፉታል? ብላ ሳቀች። ሳቁ ወዲያው አመማትና አቆመችው። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ለገና ከወር በላይ ሲቀረው፣ ሞተች።

የሞተ ተጎዳ ይላሉ። እኔ ግን ከቀብሩ በኋላ ያንን ቤት ሳይ፣ የተጎዱት የቀሩት ናቸው እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ፍጹም ዝም ተባለ። ሁለት ሰው አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ግን ኑሮ ነውና መነጋገር ግድ ሲሆን፣ የኖኒን ቦታ ለብራን ሰጡት። ብራን ውሻው ነው።

«ብራን፣ ቀይዋ ላም ጡቷ አብጧል» ይላል ባት፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ።

«ብራን፣ ትናንት አይቻለሁ፤ ቅባት አድርጌላታለሁ» ይላል ፍሎሪ።

ውሻው አንዴ ይኼኛውን፣ አንዴ ያኛውን ያያል፤ ሁለቱም ምግብ ስለማይሰጡት በመጨረሻ ይተኛል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ቤቴ ደርሼ በሩን ስዘጋ ግን አልሳቅኩም።

የዋዜማው ዋዜማ ከተማ ወርጄ ሊንጉን ገዛሁ፤ ከሱቁ በር ላይ ከተሰቀሉት ወፍራሙን መርጬ። ሽቅብ ተሸክሜው ስገባ ባት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ሊያስር ይታገላል፤ ቀኝ እጁ ክሩን ይይዝና ይለቀዋል፣ ይይዝና ይለቀዋል። ፍሎሪ በር ላይ ቆሞ ያያል።

«ብራን፣» አለ ፍሎሪ፣ «አንዳንድ ሰው ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ጥሩ ነበር። እጁ አልታዘዝ ካለው ሰነበተ።»

«ብራን፣» አለ ባት፣ «አንዳንድ ሰው የራሱን ጥጃ ቢጠብቅ ጥሩ ነበር።»

ኖኒ በሕይወት ብትኖር ይህን ነገር አንስታ፣ ማር ቀብታ፣ «ፍሎሪ ተጨንቆልሃል፤ ነገ አብረን እንሂድ» ብላ ባትን ሐኪም ቤት ታደርሰው ነበር። እኔ ግን ቃል አላደርስም ብያለሁ። ምላሴን ነከስኩ። ደግሞም ብርድ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ወቅት የማን እጅ ደህና ነው? ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ፣ ገንዳው እዚያ ነው፣ ውሃው እዚህ ነው፣ ዛሬ ይዘፍዘፍ፣ ውሃውም ይለወጥ፣ ነገ መጥቼ እሠራዋለሁ አልኩ። ይህን ስል አንዴ አንደኛውን አንዴ ሌላኛውን እያየሁ ነበር። ከዚያ አንዳቸውም አፍ ሳይከፍቱ ውልቅ ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ቅቤና ሽንኩርት ይዤ፣ ለገናው ዕለት የሚሆነውን ዝይም አንገቱን አንጠልጥዬ መጣሁ። ዓሣው በገንዳው ውስጥ አብጦ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ የምንጭ ውሃ ነው፣ የጨው ዘር የለበትም። ከዓሣው ጫፍ ቆንጥሬ አፌ ውስጥ አደረግሁ። ምንም የለም።

«ማነው የዘፈዘፈው?» አልኩ።

«እኔ» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ። ከዚያ ባት ወደ መስኮቱ፣ ፍሎሪ ወደ በሩ ዞሩ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለብራን እየነገሩ። ባት ከመተኛቱ በፊት ውሃውን ለወጠ፤ ያ ሰውዬ መቼም አያስታውስም ብሎ። ፍሎሪም ባት እስኪተኛ ጠብቆ ተነሥቶ ለወጠ፤ በዚሁ ምክንያት። ባት ጎሕ ሲቀድ፣ ፍሎሪ ከብቶቹን አልቦ ሲመለስ፤ እንዲህ ሲፈራረቁ አድረው ዋሉ። አንዱ የሌላውን ኮቴ እየጠበቀ በየተራ ሲያጥቡት የዓሣው ነፍስ አብሮ ታጠበ። የኖኒ ተንኮል እንደ ጉም በነነ። ሰይጣን እንኳ እነዚህን ሁለቱን ማነጋገር አይችልም አልኩ በልቤ። ግን ሁለቱም ስለዚያ ዓሣ ከእንቅልፋቸው መነሣታቸው አንጀቴን በላው። ለእሷ ብለው ነው እንጂ ለሆዳቸውማ ድንች ይበቃቸው ነበር።

ሥራዬን ያዝኩ። ለዝይው ድንች ቀቅዬ ፈጨሁ፤ ሽንኩርትና ጦስኝ ጨምሬ ሆዱን ሞላሁትና ሰፍቼ ለነገ አስቀመጥኩት። ዓሣውን ቆራርጬ ከሽንኩርት ጋር ወተት ውስጥ ጣድኩ። ሊንግ መፍላት አይወድም፤ እሳቱን ቀነስ አድርጎ ዝም ብሎ ማሞቅ ነው። በሌላ ድስት ቅቤ አቅልጬ ዱቄት አዋሃድኩ፤ ከዓሣው ወተት ጠብ ጠብ እያደረግሁ ስጎው እስኪወፍር አማሰልኩ። ድንቹ ልጣጩ ተሰነጣጥቆ እንደ ዱቄት የፈረፈረ ውስጡ ታየ። ይህን ሁሉ የሠራሁት በኖኒ ማማሰያ፣ በኖኒ ድስት፣ የኖኒን ሽርጥ አድርጌ ነው። ባለቤቷ በሌለችበት ወጥ ቤት ውስጥ መቆም ከባድ ነው፤ እጄ ዕቃ በፈለገ ቁጥር እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ያገኘው ነበር።

ስጎውን ስቀምሰው እንደ ገንፎ አልጫ ነው። ጨው የሚቀመጥበት ጆሮው የወለቀ ሰማያዊ ስኒ አለ፤ ከመደርደሪያው አወረድኩና ቆነጠርኩ። እጄ ድስቱ ላይ ሲደርስ ቆምኩ። ወተቱ ትዝ አለኝ፣ ያ መጀመሪያ የተጠየቀው ወተት። የቆነጠርኩትን ጨው ወደ ስኒው መለስኩትና ስኒውን ጠረጴዛው ላይ፣ በባት ጫፍ አስቀመጥኩት፤ ከፍሎሪ ክንድ አርቄ። ጨው የሌለውን ዓሣ የሚበላ ሰው የለም። አንዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ያቀብላል። በዚህ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። ኖኒም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

ሲመሽ፣ ፍሎሪ የቤቱ ታናሽ ነውና እንደ ወጉ የመስኮቱን ሻማ አበራ። ጸሎቱ የታላቅ ነውና ባት ጀመረ። ቃላቱ ተንተባተቡበት፤ አንዱን ሁለቴ ደገመው፣ አንዱን ዘለለው። ዘንድሮ ኖኒ የለችም፣ ሐዘን ነው አልኩ። የእሷን ወንበር በመሃል ባዶውን ትቼ እኔ ለሻይ ውሃ ጥጄ ምድጃው ዘንድ ቀረሁ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አፋቸውን ብጠብቅ ጭራሽ እንደሚለጎሙ አውቃለሁ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጆሮዬን ብቻ ተውኩላቸው።

ሹካ ሳህን ሲነካ ይሰማኛል። ፍሎሪ ጎረሰ፤ ማኘኩን አቆመ፤ እንደገና ጎረሰ።

«ብራን፣ ይኼ ዓሣ ጨው የለውም» አለ።

ከባት ምንም። ማንቆርቆሪያው ሲንሾካሾክ ይሰማል። እኔ በልቤ «ጠይቀው፣ ጠይቀው» እላለሁ፤ እንደ ጸሎት። እድሜ ልኩን ያላለውን ነገር ለመናገር ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት፤ መልሶ ለቀቀው። ሹካውን አስቀመጠ።

«ባት፣» አለ።

ስሙን እንዴት እንደጠራው ልነግራችሁ አልችልም። ድምፁ የአዛውንት ድምፅ አልነበረም።

«ባት፣ እስቲ ጨውን አቀብለኝ።»

ማሰሮ መያዣው ጨርቅ በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ኖኒዬ፣ ሰማሽው ወይ አልኩ። አሁን የሚቀረው የባት መልስ ብቻ ነው፤ «እንካ» ብትሆን እንኳ ይበቃል። ጠበቅሁ። ፍሎሪም ጠበቀ። ከሳህን ጋር የሆነ ነገር ገጭ አለ፤ ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ከዚያም አልፎ ስድብ ሆነ።

ፍሎሪ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። ባትን አላየውም፤ ከባዝራዋ ወዲህ ቀና ብሎ ፊቱን አይቶት አያውቅማ። ወደ እኔ ነው የዞረው።

«ጠይቄዋለሁ። ምስክሬ ነሽ» አለኝ። ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ተላተመ።

ደሜ ፈላ። ዞርኩና ባትን አፌ እንዳመጣልኝ አወረድኩበት። «አንተ ድንጋይ!» አልኩት። «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ሲባል አልሰማህም? እሱ ታናሽህ ነው። ባዝራዋን የሸጥክበት አንተ ነህ። እሱ አፉን ከፈተ፤ አንተ ምን ሆንክና ነው የኮራኸው? እህትህ ምን ብላ እንደሞተች ታውቃለህ?» ጠረጴዛውን መታሁ። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባት ያየኛል። ዓይኑ ብቻ ነው የሚያየኝ። የፊቱ ቀኝ ጎን ወርዷል፤ ከከንፈሩ ጥግ ስጎ ይንጠባጠባል። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ተንጠልጥሏል። ግራ እጁ ግን ሰማያዊውን ስኒ ጨብጧል፣ ጣቶቹ እስኪነጡ። ስኒው ከቦታው ተነሥቶ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ እስከ ኖኒ ወንበር ፊት ድረስ ተገፍቶ፣ እዚያ ተጋድሟል። ጨው በጨርቁ ላይ ወደ ፍሎሪ ሳህን አቅጣጫ ፈስሷል። አፉን ሊከፍት ሞከረ። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም።

ፍሎሪን ከጋጣ ጮኼ ጠራሁት። ገብቶ የባትን ፊት ብቻ አየና ወደ ጎረቤት ስልክ ሮጠ። አምቡላንሱ ሽቅብ እስኪወጣ ባትን መሬት ላይ አስተኝተን፣ እኔ ራሱን ጭኔ ላይ ይዤ ቆየን። ፍሎሪ ከስልኩ ሳይመለስ እኔ ስኒውን ከእጁ አስለቀቅኩት። ጠረጴዛውን ማን እንዳነሣው አላውቅም፤ ጎረቤቶቹ ይሆናሉ። ስንመለስ ጨርቁ ታጥፎ፣ ጨዉ ተጠርጎ ነበር።

ባት ገናን በሆስፒታል አሳለፈ። ፍሎሪ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠ። አንዲት ደግ ነርስ መጥታ፣ አናግሩት፣ መናገር ቢያቅተውም ይሰማል፣ መስማት መጨረሻ ነው የሚሄደው አለችን። ፍሎሪ ሰማት። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪው» አለኝ።

«ምን ልበለው?»

አሰበ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«ላሞቹ ደህና ናቸው በይው።»

ለኖኒ የገባሁትን ቃል ያኔ አፈረስኩ። ወደ ባት ጆሮ ጎንበስ ብዬ፣ «ባት፣ ፍሎሪ ላሞቹ ደህና ናቸው ይልሃል» አልኩት። ማር አልቀባሁበትም፤ የሚቀባ ቦታ አልነበረውም። ባት ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር መስማቱን አላውቅም። በማግስቱ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት፣ ሞተ።

አስከሬኑን ቤት አምጥተን በኖኒ ክፍል አስተኛነው። አገሩ ሁሉ መጣ። የሚቀርብ ነገር ሲጠፋ የቆርቆሮውን ሣጥን ከፍቼ የኖኒን የገና ኬክ ለለቀስተኛ ቆረጥኩ። ሰዉ እየበላ የጋገረውን እጅ መረቀ። የጋገረችው ሟቿ ኖኒ መሆኗን ሲሰሙ ግን አንዳንዶቹ ቁራሹን ሳህናቸው ላይ መለሱት።

ከቀብሩ መልስ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ያየሁትን ለፍሎሪ ነገርኩት። ስኒውን በግራ እጁ ጨብጦት ነበር፣ እየገፋልህ ነበር፣ መናገር አቅቶት እንጂ ሰምቶሃል አልኩት። ጨዉ ወደ አንተ ሳህን ነው የፈሰሰው አልኩት። ሰማኝ። እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ጎብነት፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «ክፉ ሰው አይደለሽም። ግን ኖኒም እንዲህ ነበር የምትለኝ። ባት ባክህ ብሎሃል፣ ባት አዝኗል፣ ባት ስለ ባዝራዋ ይጸጸታል። እሱ እንደዚያ እንደማይል አውቃለሁ፤ ይህን ያህል ዘመን ስኖር የወንድሜን አንዲት ቃል ራሱ እንዳለው አድርጎ ያመጣልኝ ሰው የለም። አሁን የአንቺን በምን ለይቼ ልመን?»

ማልኩለት። በባሌ መቃብር፣ በኖኒ ነፍስ ማልኩለት። ራሱን ነቀነቀ፤ አምኖኝ ሳይሆን እኔን ለማሳረፍ። እውነቱን በእጄ ይዤ ሳለሁ የሚቀበለኝ አጣሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለዋዜማው ሊንጉን የሚገዛው ራሱ ነው። መጥቼ ልዘፍዝፍልህ ስለው እምቢ ይላል። ከመተኛቱ በፊት ውሃውን ይለውጣል፤ ሌሊት ተነሥቶ ይለውጣል፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ያ የባት ሰዓት ነበር፣ እንደገና ይለውጣል። የራሱንም የወንድሙንም ፈረቃ ይዞ፣ ዓሣው የጨው ዘር እስኪያልቅበት ያጥበዋል። እኔ ከሰዓት በኋላ ሄጄ በወተት አበስለዋለሁ፤ ድስቱ ውስጥ ጨው እንዳልጨምር ይከለክለኛል። ሻማውን ያበራል። አሁን ጸሎቱም የእሱ ነው። ሰማያዊውን ስኒ እስከ አፉ ሞልቶ በባት ቦታ፣ በዚያኛው ጫፍ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ተቀምጦ ያንን አልጫ ዓሣ ቀስ እያለ፣ ስኒውን እያየ ይበላል።

ባለፈው ዓመት አላስቻለኝም። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ሲያኝክ መንጋጋው ይንቀጠቀጣል። ተነሥቼ ስኒውን አንሥቼ ወደ ሳህኑ አስጠጋሁለት።

አልተቆጣም። ስኒውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ተነሣ፣ ወስዶ ቦታው መለሰው።

«ተይው» አለኝ። «አንቺን አይደለም የጠየቅኩት።»